በቡቲዬ ያረፉ ወገኖቻችን ስም

ሞያሌ አንድ ከተማ ሆና በሁለት መንግሥት እንደምትተዳደር ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ድንበሩ በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በ1907 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ውል ከተወሰነ ወዲህ፣ ከወዲያ ተወልዶ ከወዲህ የሚቀበር ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የገባርነት ቀንበር ሸሽቶ የመጣ ቡርጂ አለ፤ ለንግድ የመጣ አለ፤ በ1936 ጣሊያን አገራችንን ሲወርር በኬንያ በኩል ወጥቶ ኢሲዮሎ፣ በኋላም ታቬታ ካምፕ የገባ ስደተኛ አለ። በሐምሌ 1940 ጣሊያኖች የሞያሌን ምሽግ ከበው ሲይዙም፣ በየካቲት 1941 ከተማዋ ስትለቀቅም ሰው ወድቋል።

የእኛ ትውልድ የሚያስታውሰው ግን የ1983ቱን ነው። በግንቦት ወር ደርግ ሲወድቅ ወታደሩም፣ ሲቪሉም፣ ልጅ ያዘለችውም እናት በሞያሌ በኩል ገቡ። ብዙዎቹ ወደ ዋልዳ ካምፕ፣ ከዚያም በ1992 እ.ኤ.አ. ወደ ተከፈተው ካኩማ ተወሰዱ። ቀሪው እዚሁ ኖረ፣ እዚሁም ሞተ።

ማኅበራችን በቡቲዬ የመቃብር ሥፍራ ያሉትን መቃብሮች በደብተር መመዝገብ የጀመረው ስለዚህ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ በእርሳስ ይጽፋል፤ ከዚያ ቦታ ተለዋውጠን እንደገና እናነባለን። የእንጨቱን መስቀል ምስጥ በልቶታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በጣት የተጻፈው ጽሑፍ ግን፣ ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው አሁንም ይነበባል። እኩለ ቀን ላይ የሄደ ሰው ምንም አያይም።

ትልቁ ጣጣ ዘመን አቆጣጠሩ ነው። መስቀሉ ላይ «1984» ተብሎ የተጻፈውን የኬንያ ሰው ሲያነበው፣ ሟቹ ደርግ ከመውደቁ ሰባት ዓመት በፊት የሞተ ይመስለዋል። በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ሰው ተሰዶ በመጣ በዓመቱ ነው ያረፈው። በእኛና በፈረንጁ አቆጣጠር መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ ወሩ ካልተጻፈ ዓመቱን በእርግጠኝነት መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ የተጻፈውን እንዳለ እንገለብጣለን፤ የተለወጠውን ለብቻው በሌላ ዓምድ እናስቀምጣለን። ልጆቻችን ግዕዝ ቁጥር አያነቡምና ፲፱፻፹፬ የሚለውንም ከጎኑ በተለመደው አኃዝ እንጽፋለን።

የስምም ነገር አለ። እኛ ባለሱቆች በዱቤ ደብተራችን ላይ «ሾፌሩ»፣ «ሃምሳ አለቃ»፣ «እማማ እንጀራ» ብለን ጽፈን ኖረናል፤ ለዱቤ ይበቃል፣ ለመቃብር አይበቃም። መስቀል ላይ ደግሞ የክርስትና ስም ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ ወልደ ሥላሴ ማን እንደነበረ ከንስሐ አባቱና ከቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እዚህ ላይ የድሮ የዕድር መዝገብ ከሐውልቱ ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ሥራ ሁልጊዜ በመንግሥት አይጀመርም። በ1914 ፈረንሳይ ውስጥ ፌቢያን ዌር የሚባል እንግሊዛዊ የሚመራው የቀይ መስቀል ክፍል፣ የሞቱ ወታደሮችን መቃብር የሚመዘግብ እንደሌለ አይቶ በራሱ ተነሣሽነት ይጽፍ ጀመር። ዛሬ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የሚባለው በ1917 የተቋቋመው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ይኸው ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሞቱት መካከል ቢያንስ 116,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ በስማቸው እንዳልታሰቡ ወይም ጨርሶ እንዳልታሰቡ አምኗል። ለነጩ ስሙ ያለበት ድንጋይ ተተከለ፤ ዕቃ ተሸክሞ ለሞተው ለጥቁሩ ግን መቃብሩ ዱር እንዲበላው ተተወ። መዝገቡ ያኔ በጊዜው ቢጻፍ ኖሮ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ኮሚሽን ማቋቋም ባላስፈለገ ነበር እንላለን።

የድንጋይ ክምር ብቻ ላለበት መቃብር በደብተሩ ላይ መስመር እንተውለታለን። ከየትኛው ግራር በስንት እርምጃ እንደሚገኝ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ይጻፍበታል፤ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የለቅሶ ፎቶግራፍ፣ የተዝካር ወረቀት ወይም የአባቶቻችሁ የዕድር ደብተር ካለ አምጡልን፤ ገልብጠን ዋናውን እንመልሳለን።