የጢስ ዕዳ

የትምባሆን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ትርፉ በዚያው ዕለት ይቆጠራል፣ ዕዳው ግን የሚጠየቀው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ገቢና ወጪ ፊት ለፊት ተጽፈው ማየት ለምጃለሁ። በትምባሆ መዝገብ ላይ ግን ገቢው በነገሥታት ግምጃ ቤትና በነጋዴ ካዝና ሲጻፍ፣ ወጪው በአጫሹ ሳንባ ላይ ይጻፋል። ሁለቱ ገጾች ሳይገናኙ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል አለፈ። ውድ አንባብያን፣ እስቲ ዛሬ አብረን እንግለጣቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅጠሉ የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ነው። በ1492 የኮሎምበስ መርከበኞች የደረቀ ቅጠል ጠቅልለው፣ ለኩሰው፣ ጢሱን የሚምጉ ሰዎች አዩ። ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ሲገባ በመድኃኒትነት ተከበረ። በ1560 በሊዝቦን የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረው ዣን ኒኮ ለፈረንሳይዋ ንግሥት እናት ለካትሪን ደ ሜዲቺ ትምባሆ ላከላት። ተክሉ በእርሱ ስም ኒኮቲያና ተባለ። በ1828 ፖሰልትና ራይማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በሃይድልበርግ ከቅጠሉ ነጥለው ያወጡት ንጥረ ነገርም ኒኮቲን ተባለ። ለመድኃኒት የተሰጠው ስም እስከ ዛሬ የሱስ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ቅጠሉን አምርሮ የጠላው የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ነበር። በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ ድርሳን በራሱ ብዕር ጻፈ፤ ለዓይን የሚያስጠላ፣ ለአንጎልና ለሳንባ የሚጎዳ ነው አለ። በዚያው ዓመት በአንድ ፓውንድ ትምባሆ ላይ የነበረውን የሁለት ፔንስ ቀረጥ ወደ ስድስት ሺሊንግ ከአሥር ፔንስ አሳደገው። ነገር ግን ታሪክ ቀልደኛ ነው። በቨርጂኒያ በራሱ በንጉሡ ስም የተሰየመችው ጄምስታውን ከጥፋት የዳነችው ጆን ሮልፍ በ1612 ገደማ ባስጀመረው የትምባሆ እርሻ ነው። ከ1619 ጀምሮ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ሰዎች በዚያ ምድር ተሸጡ፤ በኋላም ባሪያዎች የትምባሆው እርሻ ዋነኛ ጉልበት ሆኑ። ንጉሡም የሚጸየፈውን ጢስ ቀረጥ መሰብሰቡን አልተወም።

በእኛም አገር ቅጠሉን የጠሉ ንጉሥ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን ከልክለው፣ የሚያጨስ ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫውን እንዲቆረጥ ማዘዛቸው ተጽፏል። ቅጣቱ ለሰሚም ይዘገንናል። ከእርሳቸው በኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ። አንዱ ንጉሥ አካል ያስቆረጡበት ቅጠል ለሌላው ንጉሥ መንግሥት የገቢ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩን ከጥንቱ ጋያና ሱረት ያከፋው ግን መኪና ነው። በ1881 ጄምስ ቦንሳክ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በቀን ከመቶ ሺህ በላይ ሲጋራ የሚጠቀልል መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። በእጅ የሚጠቀልል ሠራተኛ በቀን ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር የሚያወጣው። ሲጋራ ረከሰ፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶችም ከወታደሩ ስንቅ ጋር ታደለ። ከዚያም ዕዳው መጣ። ቀድሞ ብርቅ የነበረው የሳንባ ካንሰር የሆስፒታል አልጋ መሙላት ጀመረ፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በለንደን ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ምክንያቱን ሊፈልጉ ተነሡ። ዶል በመጀመሪያ የጠረጠረው የመኪና ጢስንና የመንገድ ሬንጅን ነበር። የሕሙማኑ መልስ ሲሰበሰብ ግን ጣቱን ወደ ሲጋራ ቀሰረ። ዶል ራሱ አጫሽ ነበርና ጥናቱ ሳያልቅ ተወ። ውጤቱ በ1950 ታተመ። በ1951 ለብሪታንያ ሐኪሞች መጠይቅ ላኩ፤ ከ40,000 በላይ መለሱ። እነዚህ ሐኪሞች ለሃምሳ ዓመት ክትትል ተደረገባቸው፤ በ2004 የታተመው ማጠቃለያም ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ አሥር ዓመት ቀድመው መሞታቸውን አሳየ።

ኩባንያዎቹ ምን አሉ? በጥር 1954 የአሜሪካ ትምባሆ አምራቾች ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ አውጥተው፣ ምርታችን ጤና አይጎዳም ብለን እናምናለን አሉ። ጥርጣሬን ለመዝራት ብዙ ገንዘብ አፈሰሱ። የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ ያስታወቁት በ1964 ነው። በነዚያ አሥር ዓመታት ማጨስ የጀመረ ወጣት ዕዳውን የከፈለው ፀጉሩ ሲሸብት ነበር።

ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። አጎቴ በወጣትነቱ የጀመረውን ሲጋራ ሠላሳ ዓመት አጭሷል። በመጨረሻው ዓመት ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ መተንፈስ ነበረበት። ሐኪሙ ስንት ዓመት እንዳጨሰ ሲጠይቀው እንደ ትልቅ የገንዘብ ድምር ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው።

ለምን አልተወም? ኒኮቲን ከጢሱ ጋር ገብቶ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ የደስታ ስሜት የሚሰጠውን ዶፓሚን ያስለቅቃል፤ አንጎልም ያንኑ መልሶ ይጠይቃል። ኒኮቲን ያስራል፤ በዋናነት የሚገድለው ግን ጢሱ ነው። በውስጡ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ የደምን ኦክስጅን ይቀማል፤ የደም ሥር ይጠባል፤ ልብ ይደክማል።

አገራችን ዛሬም ሁለቱን ገጾች ይዛለች። የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ሌላ 31 በመቶ ያህል በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። በ2019 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ፤ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ መሸጥን ከለከለ። ከንፈር ከማስቆረጥ ይህ የተሻለ መንገድ ነው፤ ከተፈጸመ።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚያሳርፈው አንድ ስሌት ነው። ከሐኪሞቹ መካከል በ60 ዓመቱ የተወ ሦስት ዓመት፣ በ50 የተወ ስድስት፣ በ40 የተወ ዘጠኝ፣ በ30 የተወ ደግሞ አሥሩንም ዓመት ያህል ዕድሜውን አስመልሷል። በባንክ ሥራዬ እንዲህ ያለ ምሕረት የሚያደርግ አበዳሪ አላየሁም። የምታጨሱ ወዳጆቼ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ ሂሳባችሁን ዝጉ።

ጢሱስ ላፍታ ነው፣ ነፋስ ይዞት ይጠፋል፤
ዕዳው ግን በዝምታ፣ በሳንባ ላይ ይጻፋል፤
ትርፉን የወሰደው፣ ሄዷል ሳይጠየቅ፤
ከፋዩ ይስላል፣ ሌሊቱን ሲጨነቅ።