እንጦጦን ያለመው ባቡር

በመገናኛ በኩል የሚያልፈው የከተማ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ባቡርን ወደዚህ አካባቢ የማምጣት ሐሳብ ግን ከዚያ 122 ዓመት ይቀድማል። ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ይህን ታሪክ ማስታወሱ አባሎቻችንን ይጠቅማል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም ምርትን ገበያ ስለማድረስ የሚናገር ታሪክ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። መስመሩ ሦስት ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነሥቶ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ዘመኑ ኃያላን መንግሥታት አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር በባቡር ለማያያዝ የሚያልሙበት ነበር። እንግሊዝ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን፣ ፈረንሳይ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ጅቡቲ ትመኝ ነበር። ለኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር። ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙና የዝሆን ጥርሱ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር።

ሥራው ተጀምሮ ስለቆመበት ምክንያት

ሐዲዱ መዘርጋት የጀመረው በጥቅምት ወር 1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ነው። በረሃውና የውሃ እጦቱ ብርቱ ነበር፤ መስመሩ ግጦሹንና ውሃውን ያቋረጠበት አርብቶ አደርም በየጊዜው ተቃወመ። ሐረር ከፍታ ላይ በመሆኗ ባቡሩ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የዛሬዋ ድሬዳዋ ደረሰ። ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ያቆመው ተራራ ወይም ወንዝ አልነበረም፤ የገንዘብና የባለቤትነት ጉዳይ ነበር። ኩባንያው በቂ ካፒታል ስላልነበረው በመጀመሪያ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ገቡበት፤ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት የድጎማ ውል ተዋውሎ በኩባንያው ላይ የበላይነት አገኘ። ምኒልክ ይህን የአገራቸውን መብት የሚነካ ሆኖ ስላገኙት ተቃወሙ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ባቡሩ ጭምር እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ከሰረ።

በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሌላ ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ ገና መንገድ ላይ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለገሃር የሚለው ስም የመጣው ጣቢያን ከሚጠራበት የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን የጣቢያው ትልቅ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

ያልተሠራው ሦስተኛው ክፍል

መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በዚያው ቆመ። ወደ ከፋ የሚሄደው ክፍል አልተሠራም። እንደ ሞጆና አዋሽ ያሉ ጣቢያዎች ከተማ ሲሆኑ፣ ቡና የሚበቅልበት የምዕራቡ አገር ግን ከሐዲዱ እንደራቀ ቀረ። የከፋና የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ የደረሰው በሲራራ ነጋዴ በቅሎ ነው። የምዕራቡ ቡና ከፊሉም በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ጀልባ ወደ ሱዳን ይወጣ ነበር። ባቡሩ ዋና ጭነቱ ቡና ሆኖ ሳለ ባለ ቡናው ገበሬ ደጃፍ አልደረሰም።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ ይደርሳል። ድርሻው የኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ የጅቡቲ 25 በመቶ ነው። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና የተገኘ ብድር ሲሆን፣ ሥራውን ያካሂዱ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ለሁለቱ አገሮች ድርጅት ያስረከቡት በ2016 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ በራስ ዕጣ ያልተቋቋመ ሥራ ውሎ አድሮ ባለገንዘቡ የሚያዝበት ይሆናል። አባላት የዕጣ ክፍያቸውን በወቅቱ የሚከፍሉት፣ በጠቅላላ ጉባኤም ተገኝተው ሒሳብ የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። ሁለተኛው፣ ዋናው መንገድ ቢያምርም ከማሳ እስከ መጋዘን ያለው መጋቢ መንገድ ካልተሠራ ትርፉ በመካከል ይቀራል። ይህንኛው የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎችንም ይመለከታል። እንጦጦ በውል ላይ ከሰፈረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ውል ላይ የሰፈረውን ደጃፍ ድረስ ማድረስ ግን የየትውልዱ ሥራ ነው።