የፈሰሰ ውኃ ሲታፈስ፤ የካሊፎርኒያ ድርቅና የጓሮ አትክልት ታሪክ

በኢትዮጵያ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ የሚቀደድበት፣ ጓሮው የሰው እጅ ሳይጠብቅ የሚጠጣበት ወቅት ነው። በካሊፎርኒያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ የሚጥለው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ሲሆን፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ሰማዩ ደርቆ ይከርማል። ስለዚህ በዚያ ግዛት የተተከለ ጎመን በደህናውም ዓመት ቢሆን በጋውን የሚያልፈው በቧንቧ ውኃ ነው። የዝናቡ ወራት ባዶውን ካለፈ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው የቤት ጓሮ ነው። ከመኖሪያ ቤቶች የውኃ ፍጆታ ግማሽ ያህሉ ለሣርና ለአትክልት የሚፈስ በመሆኑ፣ የውኃ መሥሪያ ቤቶች ቁጠባ ባወጁ ቁጥር በቅድሚያ የሚያዘጉት የጓሮውን ጎማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1976 እና በ1977 ዝናቡ በተከታታይ ከዳ። 1977 በካሊፎርኒያ ታሪክ እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ዓመታት አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ያለው የማሪን አውራጃ የሚጠጣው በአመዛኙ በአካባቢው ካሉ ትናንሽ ግድቦች ስለነበር፣ ግድቦቹ ሲጎድሉ ፊቱን የሚያዞርበት በቂ ምንጭ አልነበረውም። ነዋሪው ፍጆታውን ከግማሽ በላይ እንዲቀንስ ታዘዘ። በመጨረሻም ሪችመንድን ከሳን ራፋኤል በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ከመኪናው መንገድ ተቀንሶ 6 ማይል ያህል ርዝመት ያለው ቧንቧ ተዘረጋና ውኃ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ መጣ። አትክልቱ ግን ቧንቧው እስኪደርስ አይጠብቅም። ሰዉ ገላውን ሲታጠብ ከእግሩ ሥር ባልዲ ያስቀምጥ፣ የገንዳውን ውኃ እየቀዳ ከጽጌረዳውና ከፍራፍሬ ዛፉ ሥር ያፈስ ጀመር።

ይህ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ብልሃት አይደለም። ውኃ በእንስራ አዝላ ከወንዝ የምታመጣ እናት የእጅ እጣቢውን ደጅ ላይ በከንቱ አትደፋውም፤ ከጎመኑ ወይም ከጌሾው ሥር ታፈሰዋለች። አበው "የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም" ቢሉም፣ በኢትዮጵያዊት እናት ጓሮ አንድ ውኃ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ኖሯል።

በካሊፎርኒያ ግን ይህንኑ በቧንቧ ማድረግ በሕግ የተከለከለ ነበር። የግዛቲቱ የቧንቧ ሥራ ደንብ ከገላ መታጠቢያም ሆነ ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣው ውኃ ሁሉ ከሽንት ቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ፍሳሽ መስመር ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ እንዲገባ ያስገድድ ነበር። የዚህ ዓይነት ደንብ ያለ ምክንያት አልወጣም። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሌራና ታይፎይድ በፍሳሽ በተበከለ ውኃ ምክንያት በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ሕዝብ ጨርሰዋል። ችግሩ ደንቡ የሽንት ቤቱን ፍሳሽና የሸሚዝ እጣቢውን በአንድ ዓይን ማየቱ ላይ ነበር።

በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተላቸው መካከል በሱዳን በኩል ያለፉ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ብዙዎቹም በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በሳን ዲዬጎ ሰፈሩ። ጎጆ ወጥተው ጥቂት መሬት ያገኙት ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጌሾ ተከሉ። የሚቀጥለው ረጅም ድርቅ፣ ከ1987 እስከ 1992 የቆየው፣ የደረሰው በዚሁ ጊዜ ነው። ባለ ሣሩ ጎረቤት ሣሩ ቢደርቅበት ዝናብ ሲመጣ መልሶ ይዘራዋል። ጌሾ ግን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ የሚነሣ ነገር አይደለም። ከዘር ወጥቶ ለጠላና ለጠጅ እስኪደርስ ጊዜ የሚፈጅ በመሆኑ፣ አንድ በጋ ካደረቀው ድካሙ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል።

በዚያ ድርቅ እጅግ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ሳንታ ባርባራ ነበረች። በ1990 ሣር ማጠጣት ተከለከለ። አንዳንድ ባለ ቤቶችም ባለሙያ ቀጥረው የደረቀ ሣራቸውን አረንጓዴ ቀለም አስቀቡት። ከተማዋ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት የባሕር ውኃ ማጣሪያ አሠራች፤ ይሁን እንጂ ሥራው እንዳለቀ ዝናቡ በመመለሱ ማጣሪያው ተዘጋ፤ እንደገና ውኃ መስጠት የጀመረው በ2017 ነው። በአንጻሩ ብዙም ያልተወራለት ሌላ እርምጃ ነበር። የሳንታ ባርባራ አውራጃ በ1989 እጣቢ ውኃን ለአትክልት ማዋልን በመፍቀድ በአሜሪካ ቀዳሚ ሆነ።

የሎስ አንጀለስ ከተማም በ8 ቤቶች ሙከራ አካሂዳ ውጤቱን በ1992 አወጣች። እጣቢ የጠጣው አፈር ካልጠጣው የከፋ የጤና አደጋ አልታየበትም። በዚያው ዓመት ገዥው ፒት ዊልሰን እጣቢ ውኃን በመላው ግዛት የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ፤ ዝርዝር ደንቡም በ1994 ሥራ ላይ ዋለ። ነገር ግን ደንቡ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው የሚነሣ ዓይነት ነበር። ቧንቧው ከመሬት በታች በጥልቀት እንዲቀበር፣ ንድፍ እንዲቀርብ፣ ፈቃድ እንዲወጣ ጠየቀ። ለአንድ መደብ ጎመን ይህን ሁሉ ወጪ የሚችል ማን ነው? ብዙ ሰው በዝምታ ባልዲውን መሸከም ቀጠለ። በ1999 በኦክላንድ የተመሠረተው "ግሬይ ዋተር ገሪላስ" የተባለ ቡድን ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚሠራውን ቧንቧ በይፋ ያስተምር ጀመር።

በመጨረሻ ሌላ ድርቅ ሕጉን አላላው። በነሐሴ 2009 የተሻሻለው ደንብ የልብስ ማጠቢያ ማሽንን ውኃ የቤቱን ቧንቧ ሳይቆርጡ፣ የግንባታ ፈቃድም ሳያወጡ ወደ አትክልት መውሰድን ፈቀደ። ባልዲው በ1977 ያሳየውን ደንቡ እስኪቀበል 32 ዓመት ፈጀ።

ከዚያ ወዲህም ድርቁ ተመላልሷል። ሚያዝያ 1 ቀን 2015 ገዥው ጄሪ ብራውን በረዶ ሊኖርበት በሚገባው ባዶ ተራራማ መስክ ላይ ቆመው ከተሞች ፍጆታቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዙ፤ በግዛት ደረጃ የግዴታ ቅነሳ ሲታወጅ የመጀመሪያው ነበር። በ2022 ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ውጭ የሚያጠጣው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲሆን ወይም ፍጆታውን በዚያው ልክ እንዲቀንስ ተደረገ።

ከእነዚህ ድርቆች የተገኘው ትምህርት ለማንኛውም ባለ ጓሮ ይጠቅማል። ሙቅ ውኃ እስኪመጣ ከሻወሩ የሚፈሰው ንጹሕ ውኃ ስለሆነ በባልዲ ቢያዝ ያለ ሥጋት ለአትክልት ይውላል። የልብስ እጣቢ በሥሩ ላይ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይፈስም፤ እንደ ካሮት፣ ድንችና ሽንኩርት ላሉት አፈር ውስጥ ለሚበላ ክፍላቸው ፈጽሞ አይሆንም። በረኪና፣ ቦራክስና ጨው የበዛበት የዱቄት ሳሙና ተክልን ይገድላሉ። የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውኃ ወደ ፍሳሹ ይሂድ። የወጥ ቤቱ እጣቢም ቅባትና ፍርፋሪ ስላለበት በካሊፎርኒያ ደንብ ከተፈቀደው ውስጥ አይቆጠርም። እጣቢ ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ ይሸታል። የሚፈስበትንም ቦታ ቢያንስ በ2 ኢንች ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ መሸፈን ደንቡ ያዝዛል፤ ይኸው ሽፋን ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትመጠው ያደርጋል። ሌላውን ውኃ ማታ ወይም ማለዳ ማጠጣት፣ ውኃ ካነሰም ሣሩን ትቶ ሥር የሰደዱትን ማዳን ይበጃል።

ሥራው መጀመር ያለበት ድርቁ ከመታወጁ በፊት ነው። ቤት የተከራየ ሰው ቱቦ ከመዘርጋቱ በፊት አከራዩን ይጠይቅ፤ ከካሊፎርኒያ ውጭ የሚኖርም የከተማውን ደንብ ያጣራ። ባልዲ ግን የቧንቧ ባለሙያ አይፈልግም። ውጭ ሀገር የተወለዱ ልጆች ገላቸውን ሲታጠቡ ባልዲ ከሥራቸው ማድረግን ከለመዱ፣ አያታቸው እጣቢውን ለምን ከጎመኑ ሥር ታፈስ እንደነበር ሳይነገራቸው ይገባቸዋል፤ ጌሾውም በጋውን ያልፋል።