ከማይጨው በኋላ መጸለይ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊ አመቺ አይደለም። ጸሎት መልስ አግኝቷል ወይስ አላገኘም የሚለውን የትኛውም ሰነድ አያረጋግጥልንም። ሰዎች ተስፋ አድርገው የጸለዩት ነገር ሳይሆን ሲቀር ምን እንዳደረጉ ግን መመርመር እንችላለን። ለዚህም ከዐድዋ እስከ 1933 ዓ.ም. ያለውን የአገራችንን ታሪክ መርጫለሁ።

የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል በሚውልበት ዕለት ነው። የሰማዕቱ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበር። ድሉና ጸሎቱ በአንድ ትረካ ተገምደው ለልጅ ልጅ ተላለፉ። በዚህ ትረካ ያደገው ትውልድ፣ ጾመን፣ ምህላ አድርሰን፣ ታቦት ይዘን ከዘመትን ጠላት ይወድቃል የሚል ጽኑ ተስፋ ነበረው። ተስፋው ከልምድ የመጣ ነውና ልንንቀው አይገባም።

በዐርባ ዓመቱ ይህ ተስፋ ተፈተነ። የማይጨው ውጊያ የተደረገው ማክሰኞ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም ነው። ሽንፈቱን አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ አከበዱት። ከውጊያው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አልተመለሱም፤ መንገዳቸውን ለውጠው ላሊበላ ገብተው ጸለዩ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። ከሃያ ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት ከከተማቸው ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። የትንሣኤው ሃምሳ ቀን ገና አላለቀም ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት መንገዶች ቅርብ ናቸው። አንደኛው ጸሎትን መተው ነው። ሁለተኛው፣ በእኛም ዘንድ የተለመደው፣ «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ነው። ይህ ሁለተኛው አባባል ትሕትና ቢኖረውም አንድ አደጋ አለው፤ የወራሪውን በደል በተበዳዩ ላይ ይጭናል። በጋዝ የተቃጠለው ገበሬ ስለ ራሱ ቃጠሎ ንስሐ እንዲገባ ይጠይቀዋል።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግን ሦስተኛ መንገድ አስቀምጧል፤ ያውም ማንኛውም የአብነት ተማሪ በሚደግመው በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ። በእኛ አቆጣጠር 43ኛው መዝሙር ድል የተነሣ ሠራዊት ጸሎት ነው። መጀመሪያ አባቶች የነገሩትን የቀድሞ ድል ያወሳል። ከዚያም በድንገት ይዞርና ለምን ከሠራዊታችን ጋር አልወጣህም ብሎ እግዚአብሔርን ይጠይቃል። ቃል ኪዳንህን አልረሳንም በማለትም ሽንፈቱን በኃጢአት ብቻ ለመተርጎም እምቢ ይላል። በመጨረሻ ርዳታ ይለምናል፤ መልስ ግን በመዝሙሩ ውስጥ አልተጻፈም። የዐድዋን ዝና ሰምቶ ማይጨው ላይ ለወደቀ ትውልድ ከዚህ የቀረበ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። በሳምንቱ የዳዊት አከፋፈል መሠረት ይህ መዝሙር የማክሰኞ ድርሻ ነው፤ የማይጨው ውጊያም ማክሰኞ ዋለ። አጋጣሚውን እንደ ተአምር አላቀርበውም። የሚያሳየን የሽንፈት ቃል ከሽንፈቱ በፊት በሰዎች አፍ ላይ እንደነበረ ነው።

ይህ ቃል በተግባር ምን ሆነ? አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአደባባይ ተረሸኑ። ለወራሪው እንዲገዙ፣ አርበኞችንም እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ጸሎታቸው ከጥይት አላዳናቸውም፤ እምቢታቸውን ግን አጸናላቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተሰኘው ተውኔቱ ጳጳሱን በእመ ብርሃን ፊት ሲያማርሩና ሲወቅሱ ማቅረቡ ትውፊቱን ጠንቅቆ ማወቁን ይመሰክራል። የሚያማርር ሰው ሰሚ አለ ብሎ ያመነ ነውና።

በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ወቅቱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል የሚከበርበት ነበር። ጣሊያኖች ራሳቸው ያመኑት ቁጥር ከ400 በላይ ነው፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ከዚያ እጅግ ያስበልጠዋል። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ጸሎት ላይ ሳሉ ነው ማለት ይቻላል፤ ነጻነትንም አላዩም።

እንግዲህ ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከተማዋ በተያዘችበት ዕለት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ነበር። ወዲያው ታሪኩ «ጸሎታችን ተሰማ» ተብሎ ይነገር ጀመር። የአማኙን ምስጋና ልነቅፍ አልችልም። የታሪክ ጸሐፊ ግን ይህን ዐረፍተ ነገር ሲሰማ ሊጠነቀቅ ይገባል። ጸሎት የሚለካው በድል ከሆነ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጸሎት ከንቱ ነበር ማለት ነው። የ1933ቱን ደስታ ለ1929ኙ ደም ካሳ አድርገን ብናቀርብ ሙታኑን ሁለተኛ ጊዜ ዝም እናሰኛቸዋለን።

በእኔ አስተያየት በእነዚያ አምስት ዓመታት ጸሎት የጸናው የሚጠየቀው ነገር ስለተሰጠ አልነበረም። ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ፣ ማልቀስ፣ እምቢ ማለትና ሙታኑን በስም ማሰብ የሚችልበት ስፍራ ስለነበረ ነው። ድልን ብቻ የሚያውቅ ጸሎት ማይጨው ላይ ያበቃ ነበር። መዝሙር 43ን የሚያውቅ ጸሎት ግን በማግስቱም የሚለው ነበረው።

ተማሪዎቼን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ስለዚያ ዘመን እምነት ስትጽፉ ከድሉ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ አታንብቡ። በሚያዝያ 1928 ላሊበላ ላይ፣ በግንቦት 1929 ደብረ ሊባኖስ ላይ ቁሙ፤ የሚመጣውን እንደማያውቅ ሰው ሁናችሁ ጀምሩ። እነርሱ የጸለዩት እንዲያ ሆነው ነውና።