ብርዱ የጠበቀው በር

ስሙኝማ! ዛሬ የሐረርን ነገር ላወጋችሁ ነው። ስለ ጅቡም፣ በየቤቱ ግድግዳ ስለተሰቀለው ስፌትም ብዙ ሰምታችኋል፤ እኔ ስለ ብርዷ ነው የማወራችሁ። «ሐረር ደግሞ ምን ብርድ አላት?» የሚል ካለ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ከከተማ ወጥቶ ሐረማያ ሜዳ ላይ አድሮ አያውቅም ማለት ነው።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐረርን ግንብ፣ ጀጎልን፣ ሲያስገነቡ አምስት በሮች ተበጁለት፤ ዛሬ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የምንላቸው። ያኔ ፀሐይ ስትጠልቅ በሮቹ ይዘጉ፣ ቁልፉ ለአሚሩ ይገባ፣ የዘገየ ነጋዴ እንደዘገየ ውጭ ያድር ነበር። ከግንቡ ውጭ ባሉት ተራሮች ላይ ደግሞ ማንም ያልሾመው ሌላ በረኛ ነበረ፤ ብርዱ። ከቆላ የሚመጣውን ተክል እያየ «አንተ እዚህ ድረስ፤ አንተ እዚያ ድረስ» ይላል። ማንጎውን ኤረር ሸለቆ ላይ ያስቀረዋል። ቡናውን ወይና ደጋው ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በላይ ማሽላው፣ ሙይራና ፈንዲሻ የሚባለው ረጅሙ የሐረርጌ ማሽላ፤ ከዚያም በላይ ድንቹ፣ ገብሱ። አልፎ የወጣ ደፋር ተክል ቢኖር አንድ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፤ ጠዋት ቀንበጡ በእሳት እንደተለበለበ ጠቁሮ ይገኛል።

እንግዲህ ይህ በረኛ አርጅቷል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስለ ኢትዮጵያ አየር ንብረት ያወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል ይላል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌሊቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በዓመት ውስጥ ሞቃት የሚባሉት ቀናት በ73 ሲጨምሩ፣ ሞቃት የሚባሉት ሌሊቶች በ137 ጨመሩ። ቀዝቃዛዎቹ ሌሊቶች በ41 ቀነሱ። ልብ በሉ፣ የሞቀው ይበልጡን ጨለማው ነው፤ በረኛው ሥራ የሚገባበት ሰዓት!

ተራራ ስትወጡ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 1.3 ዲግሪ ጨመረ ማለት፣ የለመደውን ቅዝቃዜ የሚፈልግ ተክል ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት ማለት ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። የአያቶቻችንን የሐረር አየር የሚሻ፣ በደምሳሳው ሲሰላ፣ ዛሬ ሐረማያ ደርሶ ይፈልገው።

መሄድ የማይችለውስ? ቡና እግር የለውም።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የሙስሊም ነጋዴ መስሎ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ሲገባ ቡናውም ጫቱም እዚሁ ነበሩ፤ ስለ ሁለቱም ጽፏል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የመጣው ግጥም ሊጽፍ አልነበረም፤ ኤደን ላለ የንግድ ቤት ቡና ሊገዛ ነው። ያኔም ዛሬም የሐረር ቡና ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅ ነው። አረቢካ ደግሞ ቅምጥል ነው። ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ያለው አማካይ ሙቀት ይስማማዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ ፍሬው ሳይጠነክር ይቸኩላል። ቀልቶ ታየዋለህ፣ አፍልተህ ስትቀምሰው ግን ያ የምታውቀው ጣዕም የለም።

ከሙቀቱ ጋር ደግሞ እንግዳ ይመጣል። የቡና ፍሬ የምትቦረቡር ጥቁር ጥንዚዛ አለች፣ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ። ፍሬውን አንስታችሁ እምብርቱን ብታዩ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ እሷ ውስጥ ናት፣ ልጆቿንም እዚያው ታሳድጋለች። በጅማ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ አየሩ ለእሷ ስለሚቀዘቅዝ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ መጨረስ አትችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ትውልድ ታደርሳለች። ብርዱ ለገበሬው ያለ ደመወዝ ሲሠራለት የኖረውን ሥራ አያችሁት?

እ.ኤ.አ. በ2017 ጀስቲን ሞት፣ አሮን ዴቪስ፣ የእኛዎቹ ታደሰ ወልደማርያም ጎሌና ሰብስቤ ደምሰው ያሉበት ቡድን የኢትዮጵያን የቡና ምድር በካርታ ሠርቶ «ኔቸር ፕላንትስ» በተባለው መጽሔት አወጣ። አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ምዕተ ዓመት ውስጥ ለቡና የማይሆን ሊሆን ይችላል አሉ። ወዲያው ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አከሉ፤ ቡናው ሽቅብ ቢዛወር፣ ደኑም ቢጠበቅ፣ የሚስማማው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ ይችላል። ደስ ይላል! ግን ያ መሬት አብዛኛው ደቡብ ምዕራብ ነው። የሐረር ቡና ምድር በጣም ከሚያሰጉት መካከል ነው የተቆጠረው።

እዚህ ላይ አንድ ቤት ልግባ። ቤቱን ለወጋችን ብዬ እኔው የሠራሁት ነው፤ ክርክሩ ግን በየመንደሩ ያለ ነው። አባትና ልጅ ማሳቸው ዳር ቆመዋል።

«አባ፣ ይህን ቡና እንንቀለው። አበበ ስንል ዝናቡ ይቀራል፤ አፈራ ስንል ጥንዚዛው ይገባበታል።»

«ነቅለህስ?»

«ጫት ነዋ! ጎረቤቱ ሁሉ የተከለውን።»

ልጁን አትፍረዱበት። ቡና አበባው በሰዓቱ ዝናብ ካላገኘ ዓመቱ ባከነ ማለት ነው። ጫት ግን አበባም ፍሬም አይጠየቅም፤ ቀንበጥ ብቻ። በዓመት ሁለትና ሦስቴ ይለቀማል። በዙርባ ታስሮ አወዳይ ገበያ ከደረሰ ገንዘቡ ማታውኑ እጅ ላይ ነው። በበጋ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል፤ ከፍ ባለው መሬት በዚያን ጊዜ የሚያስፈራው ውርጭ ነበር። ውርጩ ሲላላ፣ በተከፈተው በር ቀድሞ ሊገባ የሚችለው ማን እንደሆነ ገባችሁ? ቡናው ይገባል ያልነው ቦታ ላይ ጫቱ ተሰልፎ ቆሟል። ሙቀት በሩን ይከፍታል፤ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ገበያው ነው ባይ ነኝ።

«የበጋውን ውሃ ማን ያጠጣልሃል?» አሉ አባት።

«የውሃ ሞተር እንከራያለን።»

«ሐረማያም ላይ ሞተር ነበር።»

ልጁ ዝም አለ። የሐረማያን ሐይቅ የማያውቅ የለማ! ሐረር የምትጠጣው ከዚያ ነበር። ዙሪያውን ጫትና አትክልት ለማጠጣት ሞተሩ ሳበ፣ ከተራቆተው ኮረብታ ደለሉ ወረደ፣ ፀሐዩ አተነነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1990ዎቹን ሳንጨርስ ሐይቁ ደርቆ ከብት ይግጥበት ጀመር። ሐረሬው በጀሪካን ተሰለፈ። በኋላ ከድሬዳዋ ወገን፣ ከሩቅ ቆላ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ሽቅብ በቧንቧ እየተገፋ መጣላት። ሐይቁ እንኳ ከዓመታት በኋላ ውሃ ቋጥሮ ታይቷል፤ ሞተሮቹም አልራቁም። ጥፋቱን ሁሉ ለሙቀት የሚያሸክም ሰው ሲገጥመኝ ይህን ሐይቅ እጠቅስለታለሁ።

«እንግዲያው ቡናውን ወደ ላይ እናውጣው፤ ከአጎቴ ማሳ» አለ ልጁ።

«አጎትህ ገብሱን የት ያድርሰው?»

«ከዚያ በላይ።»

«ከዚያ በላይስ?»

ጋራ ሙለታ ከምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ትልቁ ነው፤ 3,381 ሜትር። በዚያ ላይ ተራራ ሽቅብ በሄደ ቁጥር መሬቱ ይጠባል፣ ባለቤት ያለው ግን እስከ ቁንጮው ነው። አጎትየውም ቢሆን ለወንድሙ ልጅ ቡና ብሎ መሬት አይለቅም፤ ቡናው ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ማን ያበላዋል?

ይህን ሲባባሉ እናት ከጓዳ ወጡ።

«ነቅላችሁ ስትጨርሱ ቁጢዬን ከየት ላፈላ ነው?» አሉ።

ቁጢ የማታውቁ ካላችሁ፣ የቡና ቅጠል ደርቆ፣ ተቆልቶ፣ ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፤ ወተት ቢገባበት ደግሞ ሌላ ነው። ሐረርጌ ለቅጠሉም ከጥንት ጀምሮ ቦታ ሰጥቶታል።

«እማ፣ ቁጢ እኮ ገንዘብ አያመጣም» አለ ልጁ።

«አንተን ገንዘብ አምጣ አልኩህ? ያን ዋንዛ ሥር ያለውን ተውልኝ። ጥላ አለው፣ ከሌላው ይሻላል። ካፈራ አፈራ፣ ካላፈራም ቅጠሉ የእኔ ነው።»

አባት ሳቁ። ልጁም ዋንዛው ሥር ያሉትን ትቶ፣ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ የዳርኛውን መስመር ሊጀምር ሄደ።