ከምጽዋ ጠረፍ እስከ ስሜን ተራራ፦ የኤድዋርድ ሩፔል ጉዞ

በየካ ተራራ ግርጌ ለምንማር ተማሪዎች ቁራ እንግዳ ወፍ አይደለም። መንቆሩ ወፍራም፥ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ይህ ጥቁር ወፍ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተነሥቶ በጣራችን ላይ ያርፋል። መኖሪያው ግን የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። ይህን ቁራ በ1836 በሳይንስ ስም የመዘገበው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የጀርመን አገር ሰው ነበረ። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።)

ሩፔል በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለንግድ ሥራ ታስቦ ነበረ፤ ነገር ግን በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ሄዶ አገር ካየ በኋላ ልቡ ወደ ፍጥረት ምርምር አዘነበለ። ከዚህም የተነሣ ወደ ኢጣልያ ተመልሶ የእንስሳትንና የዕፀዋትን ትምህርት ተማረ።

በ1831 ዛሬ በኤርትራ ወዳለችው ወደ ምጽዋ ደረሰ። በጠረፉም ተቀምጦ የቀይ ባሕርን ዓሣዎች ሰበሰበ፤ ብዙዎቹንም በሥዕል አስደግፎ አሳተመ። በ1832 ወደ ደጋው ወጣ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም። ሆኖም በትግራይና በስሜን አልፎ ጎንደር ገባ፤ በ1833 ወደ ምጽዋ ተመለሰ።

የጉዞው ፍሬ ብዙ ነው። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፥ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለዓለም ሊቃውንት አስታወቀ። በ1839 የሎንዶን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፤ ይህን ሽልማት ከውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያ ሆኖ የተቀበለ እርሱ ነው። በ1884 ሞተ፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ዋልያን ያገኘው ሩፔል ነውን? የስሜን ገበሬ ከእርሱ በፊት በብዙ ዘመን ዋልያን ያውቀው ነበረ። ለዚህም ስሙ ራሱ ምስክር ነው፤ ሩፔል በላቲን የጻፋቸው «ዋልያ» እና «ጭላዳ» የሚሉት ስሞች ከአገራችን ሰው አፍ የሰማቸው ናቸውና። የገበሬው ስም ግን አልተጻፈም፤ የሩፔል ተጻፈ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሩፔል ያየውን ለካ፥ ከሌላው አገር አውሬ ጋር አስተያየ፥ ጻፈ፥ አሳተመም። ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሩፔልን ስለ ትጋቱ እናመሰግናለን፤ ዋጋውን ግን አንረሳም። የሰበሰባቸው የአውሬና የወፍ ቆዳዎች በፍራንክፈርት በዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ገቡ፤ ያመጣቸው የግዕዝ ብራናዎችም ለዚያችው ከተማ ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የገዛ አገሩን ቅርስ ለማየት ባሕር መሻገር አለበት።

በአገራችንም በ1969 የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ይሁን እንጂ ጥበቃ ለዘበኛ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ስሙን የማናውቀውን ፍጥረት ከቶ እንዴት እንጠብቀዋለን?

ሩፔል ወደ ሸዋ አልመጣም፤ የካንም እንጦጦንም አላየም። እርሱ ያላየውን ማየት የእኛ ፈንታ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ በቀረው ጥድ ላይ የትኛው ወፍ ጎጆ ይሠራል? በየትኛውስ ወር? ሽማግሌዎች ምን ብለው ይጠሩታል? ለዚህ ደብተርና እርሳስ፥ ትዕግሥትም ይበቃል። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ሌላ ሰው ከሩቅ መጥቶ እስኪጽፍልን ድረስ አትጠብቁ።