ማኅተም ያለበት ወረቀት

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ፣ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በምንለው ምድር ጠረፍ፣ ሰንደቅ ዓላማችንን ተከሉ። ከእርሳቸው አስቀድሞ ግን ወረቀት ገብቶ ነበር። (አሶሳን በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የያዘው የኮንጎ ጦር ነው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።)

የወረቀቱን ዘመቻ የመራው ደራሲው ጆርጅ ስቲር ነበር። በ1928 ዓ.ም. የለንደኑ «ታይምስ» ወኪል ሆኖ ከአዲስ አበባ ሲጽፍ ጠላት ከአገር አስወጣው። ንጉሠ ነገሥቱም በስደት ሳሉ ልጁን ክርስትና አነሡለት።

ደራሲ ወታደር ሲሆን ምን ይሠራል? ስቲር በሻምበልነት ማዕርግ፣ ካርቱም ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ በአማርኛ እያሳተመ በአውሮፕላን ያስበትን ነበር። ወረቀቱ በጠላት ሥር የተሰለፉትን ያገር ተወላጆች ወደ ወገናቸው ይጠራል፤ ብዙዎችም ከዱ። እኛ እንደሚመስለን ኀይሉ የስቲር ብዕር አልነበረም። አማርኛው የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ነው፤ ፊደል ያልቈጠረውም ወታደር ቢሆን የሞዓ አንበሳን ማኅተም ያውቃል። ስቲርም የዘመቻ ትዝታውን መጽሐፍ ርእስ ያወጣው ከዚሁ ማኅተም ነው።

እርሱ ታኅሣሥ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በቤንጋል በመኪና አደጋ ሞተ። አማርኛውን የጻፉለትን ሰዎች ስም ግን ዛሬም ብዙው አንባቢ አያውቅም።